የጥጥ ቡቃያ በሳሊተ ምሕረት በረንዳ

መጋቢት 14፣ ሰኞ። ከቀኑ 9፡00፣ ሱቅ

ከምሳ ወዲህ የሸጥኩት ሁለት የዘይት ፊልትሮ። መብራት የለም። የጎረቤቱ ጀነሬተር ጆሮዬን በላኝ። ገርጂ ሙሉ ጭስ ሆኗል።

ጋሼ ይማም እንደገና መጣ። እንደገና ጥጥ።

ደብተሬ፣ ጋሼን ታውቂዋለሽ፤ ታላቅ ወንድሜ፣ ከወሎ ከመጣን ጀምሮ እንደ አባት ያሳደገኝ። አዋሽ ቆላ የተከራየነው መሬት የሁለታችን ነው። እሱ ያርሳል፣ እኔ ከዚህ ከመለዋወጫ ሱቄ እደግፋለሁ። ዓምና ዘራን። በቀለ። ደስ አለን። ከዚያ ቡቃያው አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ እየቀላ፣ እየቀጠነ፣ ተኛ። ደግመን ዘራን። ደግሞ ተኛ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ መሬቱ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብለናል። ጋሼ ምክንያቱን አገኘሁት ይላል፦ መሬቱ ርቦታል። ስለዚህ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ እጥፍ ይሁን፣ ከዘሩ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይግባ። እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። በሆዴ ግን መሬቱን እንመልስና እንረፍ እያልኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አንዲት እናት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ለመኪናዋ የፍሬን ሸራ እየመረጠች ነው። ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ጋሼ ዞሩ።

«ይቅርታ፣ ጣልቃ ገባሁ። የወደቀው ከአንገቱ በስብሶ ነው ወይስ ቢጫ ሆኖ ቀጭጮ?»

«ከአንገቱ።»

«እንግዲያው አልራበውም። የራበ ቡቃያ ይቀጭጫል እንጂ አይወድቅም። የእርስዎ ታሟል።»

ጋሼ ወደሳቸው ተጠጋ። እኔም።

ስማቸው ወ/ሮ ጽጌ። ዕድሜ ልካቸውን ቆላ ምርምር ጣቢያ ውስጥ የጥጥ በሽታ ሲያጠኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ሳሊተ ምሕረት ከልጃቸው ከሜሮን ጋር ናቸው። ስልካቸውን ሰጡኝ። ለጋሼ ደግሞ አንድ ነገር አዘዙት፦ ከእርሻው አፈር በጆንያ ያስመጡልኝ።

ጋሼን ሰው ሲያዝዘው ማየት እንዴት ብርቅ ነው።


መጋቢት 17፣ ሐሙስ። ከሰዓት

አፈሩ በጭነት መኪናችን መጣ። ሳሊተ ምሕረት ወሰድነው። እ/ጽጌ (እትዬ እያልኩ መጻፍ ደከመኝ) በረንዳቸው ላይ የቀለም ባልዲዎች ደርድረው ጠበቁን። ሁሉም ከሥሩ ተበስቷል፣ ውሃ እንዳያቁር። ጓንት አደሉን፣ የአፍ መሸፈኛም። ጋሼ ለአንድ እፍኝ ፍሬ ይሄ ሁሉ? ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጓንት የሌለው ሰው ዛሬ ተመልካች ነው አሉ። ጋሼ አጠለቀ።

አንዱ ባልዲ ውስጥ ፍሬው እንዲሁ ተዘራ። ሁለተኛው ላይ በፀረ-ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ፍሬ፤ ቀለሙ ደማቅ ሮዝ፣ እንደ ከረሜላ። ሦስተኛውም መድኃኒት ያለው፣ ግን በጋሼ መንገድ፦ ዳፑ ከፍሬው ላይ ተነስንሶ። በአራተኛው ዳፑ ከፍሬው ራቅ ብሎ በጎን፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ተቀበረ።

ጋሼ ምን ለውጥ አለው አለ። ማዳበሪያ ጨው ነው አሉት፤ ፍሬው ላይ ከተኛ ውሃውን ይቀማዋል፣ ብቅ ሊል ያለውን ሥር ያቃጥለዋል። ግን በጣምም አይራቅ፤ በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ሕፃን ሥር ሩቅ ሄዶ ምግብ አይፈልግም። «እንደ ጥሩ ጎረቤት ይሁን። ሲጠሩት ይሰማል፣ አልጋዎ ላይ ግን አይተኛም።»

የጋሼ ጥያቄ መጥፎ አልነበረም፦ ጥጥ የቆላ ነው፣ የአዲስ አበባ ብርድ ላይ ተዘርቶ ምን ሊነግረን? እሳቸው ዓይናቸው በራ። ለዚህ እኮ ነው አሉ። ብርድ ላይ ቡቃያ ያዘግማል፤ ሲያዘግም ፈንገሱ ጊዜ ያገኛል። ቆላም ቢሆን ዝናብ ጥሎ ወይም ውሃ በዝቶ አፈሩ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ይኸው ነው። እዚህ በረንዳ ላይ ያለፈ እዚያ ያልፋል።

ስንወጣ መሪውን ጋሼ ያዘ። ሲኤምሲ አደባባይ ስንደርስ ብቻ፦ ሴትዮዋ ቀልድ አያውቁም አለ። ከሱ አፍ ይሄ ምስጋና ነው።


መጋቢት 25፣ ዓርብ። ጠዋት

ምንም። አፈር ብቻ። እ/ጽጌ በየቀኑ ፎቶ ይልካሉ፤ የባዶ አፈር ፎቶ። ሱቅ ጎረቤቶቼ ጥጥ ነጋዴው እያሉ ይቀልዱብኛል። ስለ እርሻው ለማንም ማውራት ትቻለሁ።

ሜሮን ወደምትሠራበት ባንክ ስታልፍ ሱቄ ደጃፍ ቆመች። እናቷ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር የሚውሉት። አሁን ከሷ ቀድመው ይነሳሉ። ባልዲዎቹን ያያሉ፣ ጣታቸውን አፈር ውስጥ ይሰዳሉ፣ ለብቻቸው ያወራሉ። ደስ ብሏታል። ግን ደግሞ የደም ግፊት አለባቸው፤ እባክህ ከዚህ በላይ ሥራ አትስጣቸው አለችኝ።

እኔ ሥራ ሰጠኋቸው? እሳቸው ናቸው እንጂ ለኛ የሰጡን።


ሚያዝያ 5፣ ሰኞ። ማታ፣ ከእራት በፊት

የትናንቱን ፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ልንል ሄድን። በርበሬ የበዛበት ወጥ ሽታ ደረጃው ላይ ይቀበላል፤ ለኛ ለብቻው ከገርጂ የሙስሊም ሥጋ ቤት ያስመጡት ሥጋ ተሠርቶ ነበር። ሳይነገራቸው። ጋሼ አየው፣ በደንብ በላ።

ከዚያ በረንዳ።

በቅሏል! ሁለት ሁለት ቅጠል፣ እንደተከፈተ መዳፍ። እንዲሁ የተዘራው ወጥቷል። መድኃኒት ያለው ወጥቷል። ዳፑ በጎን ያለው ከሁሉም ወፍሯል። የጋሼ ባልዲ ውስጥ ግን እዚህና እዚያ ጥቂት፣ ጫፋቸው ተቃጥሎ። እ/ጽጌ አፈሩን በማንኪያ ገለጥ አድርገው ያልወጣውን ፍሬ አሳዩን። ሥሩ ቡናማ፣ ተኮማትሮ ሞቷል። ጋሼ በመዳፉ ይዞ ቆየ። እኔ ወይኔ፣ አሁን ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓምና ሁለተኛውን ዘር እንዲህ ነው የዘራሁት አለ። ቀስ ብሎ።

እሳቸው ሻይ ቀዱለት።

ግን እንዲሁ የተዘራው ባልዲ ደህና ነው። ታዲያ መድኃኒቱ ምን ሊያደርግ? ጠየቅኩ። ጠብቅ አሉኝ።


ሚያዝያ 11፣ እሁድ። ከሰዓት

ጠበቅኩ። አየሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ፣ በረደ። እንዲሁ የተዘራው ተኝቷል። አንገታቸው እንደ ክር። ዓምና እርሻው ላይ ያየሁት ራሱ፣ በባልዲ። ከጎኑ መድኃኒት ያገኙት ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ነቀሉ፣ በውሃ አጠቡ፤ ሥሩ ነጭ፣ ንጹሕ።

በዚህች ሴት የምገረመው በማወቃቸው አይደለም፤ ለዚያማ ተምረዋል። የምገረመው በዝምታቸው ነው። አላልኩህም? ለማለት ስንት ዕድል ነበራቸው። አንዴም አላሉም። የሞተውን ቡቃያ እንኳ ሲያነሱ በሁለት ጣት፣ እንደሚያዝን ሰው።

ተወሰነ። ዘሩ በሙሉ ይታሻል፣ ለሚ ኩራ መኪና የምናሳድርበት መጋዘን ውስጥ።


ሚያዝያ 19፣ ሰኞ። ከቀኑ 11፡00

ሙሉ ቀን መጋዘን። በርሜል በእጅ እየተሽከረከረ ነጩ ፍሬ ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ሠራተኞቹ እንደ ሐኪም ተሸፍነዋል። እ/ጽጌ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ መብላት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ሳይታጠቡ ፊት መንካት የለም። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ በቀይ አስጻፉ፦ መርዝ፣ አይበላም። ወገቤ ተቆርጧል። ደስታዬ ግን ሌላ ነው።


ሚያዝያ 21፣ ረቡዕ። ምሽት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጋሼ ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ከመጋዘኑ ጎን አቶ ቱሉ የሚባሉ ከብት አርቢ አሉ፤ ከኛ ከዘር የተረፈ የጥጥ ፍሬ ለላሞቻቸው መኖ ይገዛሉ። ጋሼ ጠዋት የተቀደደ ጆንያ አግኝቶ የታሸውን ዘር ወደ ንጹሕ ጆንያ ገልብጦታል። ጽሑፍ የሌለው። ኋላ መኪና ሲያስጭን ቱሉ መጡ። በጣቱ ያንን ውሰድ አላቸው። የታሸውን ራሱን።

ለእ/ጽጌ ደወልኩ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መድኃኒቱ የነበረበት ዕቃ የት ነው? መጋዘን። እሱን ይዘን እንድንሄድ፣ የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ እንዲጠራ። ሱቁን ለጎረቤት ጥዬ በራይድ ሳሊተ ምሕረት፣ ከዚያ ለሚ ኩራ። ዝናብ። የተቆፈረ መንገድ። ሹፌሩ ከዚህ አልገባም አለ። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ወረዱ፤ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ከፊቴ እየሄዱ።

የቱሉ ባለቤት ወ/ሮ ጫልቱ ፍሬውን ከፉርሽካ ጋር ቀላቅላ ገንዳ ውስጥ ጨምራለች። ቀለሙ ገርሟት ነበር፤ አዲስ ዓይነት መኖ ነው ብላ። አንዷ ላም በልታለች። ሌሎቹ ገና ከግጦሽ እየገቡ ነበር። እ/ጽጌ በሩን አዘጉ፣ ገንዳውን በጓንት አስጠረጉ፣ አስጠቡ። ለሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም አነበቡለት፣ ምን ያህል እንደታሸ፣ ላሟ ምን ያህል ልትበላ እንደምትችል ነገሩት። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ላሟ ምራቋን ታዝረበርባለች። ወተቷ ለሰውም ለጥጃም እንዳይሰጥ፣ ሐኪሙ እስኪል ይደፋ።

ቱሉ ማን ነው ይሄን የሰጠኝ አሉ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ቆሟል። ሠራተኞቻችን፣ ጎረቤት፣ የጫልቱ ልጆች። ጋሼ ማለት ይችል ነበር፦ ጫኙ ነው፣ ጆንያው ነው። ወደ ፊት ወጣ። በዝናቡ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ ነኝ። ጽሑፍ ወደሌለው ጆንያ የገለበጥኩትም እኔ፣ ያንን ውሰድ ያልኩህም እኔ። ጥፋቱ የኔ ነው ቱሉ። ላሟ ብትሞት በምትኳ ላም አመጣለሁ።»

«ላሟስ ላም ናት፤» አሉ ቱሉ። «ልጆቼ ወተቱን ጠጥተው ቢሆንስ?»

ጋሼ አጎንብሶ ይቅርታ አላቸው። እድሜዬን ሙሉ ወንድሜ ይቅርታ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ሰማሁ። ሲያንስ አየዋለሁ ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ትልቅ ሆኖ አየሁት።


ሚያዝያ 25፣ እሁድ። ጠዋት

ላሟ ትናንት በላች። ዛሬ ቆማለች። አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ወተቷን ገና ከልክሏል።

እ/ጽጌ ከረቡዕ ወዲህ በየጠዋቱ ለሚ ኩራ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው። ጫልቱ ቂጣና ሻይ ታቀርብላቸዋለች አሉ፤ ቱሉም ማኩረፋቸውን ረስተው ስለ ላም ሆድ ይጠይቋቸዋል።

አሁን ችግሩ ጋሼ ነው። በዚያ ዘር አልዘራም ይላል። መርዙ ከቤቴ ይውጣ፣ ያለ መድኃኒት እዘራለሁ፣ ከሞተም ይሙት። መኪናው ተጭኖ ቆሟል። የመዝሪያው ወቅት እያለፈ ነው። ለመንኩት። ተቆጣኝ። ለእ/ጽጌ ነገርኳቸው። ነገ አምጣው አሉ።


ሚያዝያ 26፣ ሰኞ። ከቀኑ 10፡00

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። እ/ጽጌ ስለ መድኃኒቱ አንድም ቃል አላነሱም መጀመሪያ። ወጣት ሳሉ የሆነ ነገር አወሩ፦ ሠራተኛ በባዶ እጁ ዘር ሲያሽ አይተው ዝም ያሉበት ቀን፣ አለቃቸው አጠገባቸው ስለነበረ ፈርተው። ሠራተኛው ታመመ። ዳነ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው አያውቁም። በጓንት ነገር የማይስቁት ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ጋሼ ዞሩ። እስከ ዛሬ እርስዎ ነበር የሚሉት።

«ስማኝ ይማም። ያጠፋኸው መድኃኒት በመጠቀምህ አይደለም፣ ጆንያውን ያለ ስም በመተውህ ነው። እኔ አንተን የማምነው ከረቡዕ ወዲህ ነው። በፊት አላምንህም ነበር።»

«ከጥፋቴ በኋላ?»

«ከጥፋትህ በኋላ። የደነገጠ ሰው ይጠነቀቃል።»

አንተ ብለው ሲጠሩት ጋሼ ልጅ መሰለ። ቆይቶ ተስማማ። በአንድ ነገር ብቻ፦ ጥቂት መስመር ያለ መድኃኒት ይዘራል፣ በዓይኑ እንዲያይ። እሳቸውም ልለው የነበረ ነው አሉ። የሚተርፍ የታሸ ዘር ደግሞ እዚያው እርሻው ጥግ ላይ ይዘራል እንጂ አይመለስም፣ አይሰጥም፣ አይሸጥም።

ማታውኑ ጋሼ ዘሩን ይዞ ወደ አዋሽ ተነሳ።


ግንቦት 3፣ ሰኞ። ሱቅ

ዘርተዋል። ዳፑ በጎን፣ በቦዩ ዳር። ዩሪያ ገና፤ ተክሉ ጠንክሮ፣ የተጨናነቀው ከተነቀለ በኋላ። ጋሼ በስልክ ሁሉን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ይደግምልኛል።

ግን ትናንት እዚያ ያልታሰበ ከባድ ዝናብ ጣለ። አፈሩ ቀዝቅዟል ይላል። ድምፁ ውስጥ ዓምና አለ። እኔም ደንበኛ የባትሪ ውሃ ሲለኝ የሞተር ዘይት ሰጠሁ። ለእ/ጽጌ ደወልኩ። እኔም አልተኛሁም አሉኝ።

እሳቸውም ይፈራሉ። ይሄ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አጽናናኝ።


ግንቦት 14፣ ዓርብ። ከጁምዓ መልስ

ከመስጊድ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ፎቶ። ሌላ ፎቶ። ሌላ።

ቆሟል። ቆሟል ቆሟል ቆሟል። መስመር በመስመር አረንጓዴ። መሀል ላይ ደግሞ እንደ ተላጨ ጭንቅላት ባዶ ቦታ፤ ያለ መድኃኒት የተዘሩት መስመሮች። ተኝተዋል።

ወደ ሳሊተ ምሕረት በረርኩ። ጋሼ ደወለ። ሰይድ ብሎ በኔ ስም አልጀመረም፤ እትዬ ጽጌ አሉ? አለ። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እትዬ።»

«አቤት ይማም።»

«ቆመዋል።»

«አንገታቸውን አየህ?»

«ተንበርክኬ አየሁ። ነጭ ነው።»

እ/ጽጌ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ከዚያ ማዘዝ ጀመሩ፦ መድኃኒቱ ዘለዓለም አይጠብቅም፣ ከእንግዲህ ሥሩ ራሱን ይቻል፣ ውሃ አታብዛ፣ አረሙን ቶሎ። ጋሼ እሺ እትዬ፣ እሺ እትዬ። እኔ መስኮት ጋ ቆሜ ወደ ውጭ አየሁ፤ እንባዬ እንዳይታይ ብዬ።


ግንቦት 20፣ ሐሙስ። ምሽት

ጭቅጭቅ። እ/ጽጌ እርሻውን ማየት ይፈልጋሉ። ጋሼም ይምጡልኝ ብሏል። ሜሮን እንቢ። የግንቦት አዋሽ፣ ያ ሙቀት፣ ያ ግፊት። እኔ ጠዋት ደርሰን እንመለሳለን ብዬ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ፦ አንተ ጥጥህን አዳንክ፣ እኔ ያለችኝ አንዲት እናት ናት አለች።

ምን ይባላል ለዚህ? እውነቷን ነው።

እ/ጽጌ አልተቆጡም። አጠገቧ ተቀመጡ። ሥራዬን ሁሉ የሠራሁት በሌላ ሰው መሬት፣ ለሌላ ሰው ሪፖርት ነው አሏት፤ ዘሩን አሽቼ እሰጣለሁ፣ ሲያብብ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። ገበሬው መጥቶ እዪልኝ ያለኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሜሮን የእናቷን እጅ አገላብጣ ታይ ጀመር፣ ጥፍር ሥር የቀረውን አፈር። ከዚያ ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ እኔም እሄዳለሁ፣ መድኃኒትሽን የምይዘው እኔ ነኝ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ መቆም የለም አለች። እናቷን ስታዝዝ ቁርጥ እሳቸውን። እሺ አሉ። ያቺ ሴት እሺ ስትል!

ለጋሼ ደወልኩለት። ጥላና በርጩማ አዘጋጃለሁ አለ። አቶ ቱሉም ቦታ ካለ እመጣለሁ ብለዋል ለካ፣ የኔ ላም የበላችውን ዘር ሲያድግ ልየው ብለው። ቦታ አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ ሱቁ ዝግ ነው። በዓመት ውስጥ ከዒድ በቀር ዘግቼ አላውቅም። በሩ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ለግል ጉዳይ ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ጎረቤቶቼ እንደፈለጉ ይሳቁ፤ እንዲህ ብዬ እለጥፋለሁ፦

ጥጣችንን ልናይ ሄደናል።